ከደቡብ ይዘነው የመጣነው ተስፋ

(አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

ጤና ይስጥልኝ። ወላጆች፣ መምህራን፣ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፣ ቅዳሜያችሁን ሰጥታችሁን ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ቤተሰብ ጉዞ ነው። እኔ ግን በጉዞው ሰበብ ስለ ተስፋ ማውራት እፈልጋለሁ። በትምህርት ቤት ዕረፍት ከባለቤቴ፣ ከሁለቱ ልጆቻችንና ከባለቤቴ እናት ጋር ወደ ደቡብ ሄደን ነበር። ስንመለስ ሁላችንም ደክሞናል። ቤታችን ውስጥ የነበረው ወሬ ግን ተለውጧል። ልጆቹ ስለ ነገ ሲያወሩ ድምፃቸው ሌላ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ያልተሰማኝ ቅለት ተሰማኝ። ይህ ነገር ከየት መጣ ብዬ ብዙ አሰብኩበት።

ኑሮ ስለቀለለ አይደለም። የዘይቱ ዋጋ፣ የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ክፍያ እዚሁ ቁጭ ብለው ጠብቀውናል። ቦታው ስላማረም ብቻ አይደለም። የሚያምር ቦታ አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ በሳምንቱ የሚረሳ ብዙ ሰው አለ። እኔ እንደሚመስለኝ ተስፋ የሰጠን የሰው እጅ ያዳነውንና የጠበቀውን ነገር በቅርብ ማየታችን ነው። ሰዎች ለራሳቸው ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ለልጅ ልጅ ብለው የሚሠሩትን ሥራ አየን። ሠሪዎቹን አናገርናቸው። መሬቱን ረገጥነው። ልጆቻችንን እንዲህ ዓይነት ቦታ እንውሰዳቸው ልላችሁ ነው የቆምኩት።

ስለ ትልቁ ልጄ ጥቂት ልንገራችሁ። እንድናገር ፈቅዶልኛል። አሥረኛ ክፍል ነው። እንደ ብዙ እኩዮቹ ወሬው ሁሉ ስለ መውጣት ነው። ማን ካናዳ ገባ፣ ማን ዲቪ ደረሰው፣ ማን በየት በኩል አለፈ። እኔ በዚህ አልፈርድበትም። ይህ ልጅ አገሩን የሚያውቀው በስልኩ ነው። ስልኩ የሚያሳየው ደግሞ ጭቅጭቅ፣ መፈናቀልና የዋጋ ንረት ነው። የሚያየው ውሸት ነው አልልም። ግን ያ ብቻ ከሆነ ምኑን ይዞ ይቆያል? አንድ ቀን እራት ላይ "እዚህ አገር የተበላሸ ነገር ተመልሶ ተስተካክሎ ያውቃል?" ብሎ ጠየቀን። እኔም አባቱም በቂ መልስ አልነበረንም። የተናገርነው ሁሉ ከመጽሐፍና ከድሮ ታሪክ የተወሰደ ነበር።

የጉዞውን መንገድ የወሰኑልን ደግሞ አያታቸው ናቸው። እማማ የተወለዱት ወላይታ፣ ሁምቦ ወረዳ ነው። በልጅነታቸው አግብተው ወጥተው አዲስ አበባ ኖሩ። "ከመሞቴ በፊት ያንን ተራራ ልየው" ይሉ ነበር። እሺ፣ ሁምቦ እንሂድ፣ ከዚያም ወደ ኮንሶ እንውረድ አልን። ስንመለስ ጌዴኦን እንድናይ የጨመረው ባለቤቴ ነው። የቡና ነገር ሆኖበት።

ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ፈጣን መንገድ ነው፤ ሳናስበው ደረስን። ከዚያ ወዲያ ግን መኪናውን አቁመን ልጆቹን ያወረድንበት ቦታ አለ። አቢጃታ ሐይቅ ነው። ስለ ተስፋ ላወራ ተነስቼ ከአቢጃታ መጀመሬ ሊገርማችሁ ይችላል። ነገር ግን ለልጆች የዳነውን ብቻ ማሳየት አይበቃም፤ ያልዳነውንም ማየት አለባቸው። እማማ ሐይቁን ድሮ በአውቶቡስ ሲያልፉ ያውቁታል። አሁን ውኃው ከጥንት ዳርቻው በጣም ርቆ ሸሽቷል። ድሮ ውኃ የነበረበት ቦታ ነጭ አቧራ ያለበት ሜዳ ሆኗል። ወደ አቢጃታ የሚገባው ዋናው ውኃ ከባቱ አጠገብ ካለው ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው ቡልቡላ ወንዝ ነው። የዝዋይና የቡልቡላ ውኃ ለመስኖ እየተሳበ ወደ ታች የሚደርሰው አነሰ። በዚያ ላይ ሶዳ አሽ የሚባለውን የፋብሪካ ኬሚካል ለማምረት ከሐይቁ ራሱ ውኃ ይወሰድ ነበር። ትንሿ ልጄ "ታዲያ ማን ነው ያጠፋው?" አለች። አባቷ "ሁሉም ትንሽ ትንሽ ወሰደ" አላት። ከዚያ በኋላ በየደረስንበት "እዚህስ ማን ምን ወሰደ?" ማለት አመጣች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ወደፊትም ባትተወው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሁምቦ ልውሰዳችሁ። እዚህ ቆም እላለሁ፤ የጉዞው ልብ ለእኔ እዚህ ነውና።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ጠበላ የምትባለው ከተማ ስትደርሱ ተራራውን ታያላችሁ። እማማ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ "ይሄ ሌላ ተራራ ነው" አሉ። ሾፌራችን የአገሩ ልጅ ነው፤ "እማማ፣ ራሱ ነው" አላቸው። ሊያምኑት አልቻሉም። እሳቸው ልጅ ሳሉ ማገዶ የሚለቅሙት እዚያ ላይ ነበር። እሳቸው ባገቡበት ዘመን ግን እንጨቱ በአብዛኛው አልቆ ነበር። ዛፉ ለማገዶና ለከሰል ተቆረጠ። ቀሪውን ፍየልና ከብት ጋጠው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ወደ እርሻው ይለቅበት ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ይህ አካባቢ ክፉኛ ተጎድቷል። እማማ የዚያን ዘመን ወሬ በደብዳቤ ነው የሰሙት። አሁንም ሲያነሱት ድምፃቸው ይለወጣል።

አሁን ያ ተራራ ደን ነው። የሆነውን እዚያው ያሉ ሰዎች አስረድተውናል። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ወርልድ ቪዥንና የአካባቢው ገበሬዎች ተስማምተው 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ከልቅ ግጦሽና ከቆረጣ ነፃ አደረጉ። በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ። አብዛኛውን ቦታ ችግኝ አልተከሉበትም። ይህን ስሰማ ደንቆኛል። እኛ አገር መቼም ደን ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ችግኝ ነው። እዚያ ግን ዛፉ መሬት ውስጥ ነበር። ከዓመታት በፊት የተቆረጠው ዛፍ ጉቶው በየክረምቱ ያቆጠቁጣል፤ ፍየል ይበላዋል፤ ወይ ሰው ለማገዶ ይቆርጠዋል። እንደገና ያቆጠቁጣል። ከላይ ሲያዩት ተራ ቁጥቋጦ ነው። ሥሩ ግን ሕያውና ጥልቅ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ከአንድ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ይወጣል። ከነዚያ ውስጥ ቀጥ ያሉትንና ጠንካራዎቹን ጥቂቶች ትመርጣላችሁ። ሌላውን ትቆርጣላችሁ። የቀሩትን ቀንበጦች የታችኛውን ቅርንጫፍ ትመለምላላችሁ። ከዚያ ከብት እንዳይገባ መጠበቅ ነው። ሥሩ ትልቅ ስለሆነ ቀንበጡ ከችግኝ በጣም ፈጥኖ ያድጋል። አንድ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ማጭዳቸውን ለልጄ ሰጥተው "ና እስኪ፣ አንተ ምረጥ" አሉት። ልጄ ተንበርክኮ ሲመርጥ፣ ሲያመነታ፣ መልሶ እሳቸውን ሲያይ አየሁት። ስልኩን ረስቶታል። የቆረጠውንም ሰበሰቡት፤ ማገዶ ነው፤ አይጣልም።

ይህን ዘዴ ለዓለም ያስተዋወቀው ቶኒ ሪናውዶ የሚባል የአውስትራሊያ የግብርና ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒጀር ውስጥ ይሠራ ነበር። ለዓመታት የተከሉት ችግኝ አብዛኛው እየደረቀ ተስፋ ሊቆርጥ ደርሶ ነበር። አንድ ቀን መኪናው አሸዋው ላይ እንዲሄድለት ጎማውን ሊያስተነፍስ ወረደ። አጠገቡ ያለውን ቁጥቋጦ ሲያየው ከጉቶ ያቆጠቆጠ ዛፍ መሆኑን ለየ። ሜዳው ሁሉ በእንደዚያ ዓይነት ጉቶ የተሞላ ነበር። ከዚያ በኋላ ኒጀር ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ሄክታር እርሻ በዛፍ ተሸፈነ። እሱም እ.ኤ.አ. በ2018 "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለ። ገበሬዎቹ ግን በመጀመሪያ እንደ እብድ ነው ያዩት፤ ይህንን ራሱ ይናገራል።

ሁምቦም ቀላል አልነበረም። ገበሬው "ደን ከሆነ መንግሥት ይወስድብናል" ብሎ ፈርቶ ነበር። ይህ ፍርሃት ሞኝነት አይደለም። በዚህ አገር መሬት የተቀማ ሰው ምክንያት አለው። ነገሩ የተፈታው ማኅበራቱ የመጠቀም መብታቸው በሕግ ሲታወቅላቸው ነው። ግጦሽ ተከለከለ፤ ሣሩን አጭዶ ለከብት መውሰድ ግን ተፈቀደ። ሰው ከብቱን ሳይሸጥ ደኑን መጠበቅ ቻለ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2009 ሁምቦ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ንግድ ሥርዓት ተመዘገበ፤ ይህም ደኑ ከአየር ላይ ለያዘው ካርቦን ክፍያ የሚገኝበት ሥርዓት ነው። ከአፍሪካ በዚህ ስፋት የመጀመሪያው የደን ፕሮጀክት ነው። ደኑ በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን የሚሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ላይ ይይዛል ተብሎ ታሰበ። የዓለም ባንክ ከፊሉን ለመግዛት ተስማማ። ገንዘቡ ለማኅበራቱ ይመጣ ነበር፤ እህል ማከማቻና ወፍጮ ሠርተውበታል።

ይህን ሁሉ ቁጥር የምጠራው ተአምር አለመሆኑን እንድታዩልኝ ነው። ሕግ አለበት። ገንዘብ አለበት። እልክ አስጨራሽ ስብሰባ አለበት። ልጄ ከሁምቦ ስንወጣ "ተአምር ቢሆን ኖሮ አይጠቅመንም ነበር" አለ። አሥረኛ ክፍል ያለ ልጅ ይህን ሲል ደስ አይልም?

እማማ ግን ስለ ካርቦን አልጠየቁም። ከአንዲት በእሳቸው ዕድሜ ካለች ሴት ጋር ተቀምጠው በወላይትኛ ያወሩ ነበር። ልጆቻችን አያታቸው በወላይትኛ እንዲህ ሲሳሳቁ አይተው አያውቁም። ምን አሉሽ ብላ ትንሿ ስትጠይቃቸው "ምንጩ ተመልሷል አለችኝ" አሏት። ጎርፉ ሲቆም፣ አፈሩ ውኃ መያዝ ሲጀምር፣ የደረቀ ምንጭ ይመለሳል። እማማ ውኃ ይቀዱበት የነበረው ምንጭ ይሁን ሌላ አላጣራሁም። እሳቸው ግን ማንነቱን አውቀውታል።

አርባ ምንጭን ቶሎ ልለፈው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አዞውን አየን፤ አሳ በላን፤ ከላይ ሆነን ሁለቱን ሐይቆች አየን። ጫሞ ወደ ሰማያዊ ይጠጋል፤ አባያ ቡናማ ነው። በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ አለ። ትንሿ "አባያ ለምን ቆሸሸ?" አለች። አልቆሸሸም፤ አፈር ነው። ብላቴን የመሳሰሉ ወንዞች ከደጋው አፈር ያመጡለታል። ልጄ ወዲያው "ስለዚህ ሁምቦ ላይ የሚቀረው አፈር እዚህ አይመጣም ማለት ነው" አላት። እኔ ምንም አላልኩም። ትምህርቱን ራሱ አገናኘው። መምህራን፣ ይህን የመሰለ የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ማግኘት ከባድ እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ከዚያ ኮንሶ። ሁምቦ የተበላሸ ነገር ሲድን ያያችሁበት ነው። ኮንሶ ደግሞ እንዳይበላሽ ሲጠበቅ የኖረ ነው። ሁለቱን ተከታትሎ ማየት ጥሩ ነው።

ኮንሶ ተራራው ሁሉ እርከን ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ። አንዳንዱ ግድግዳ እስከ አምስት ሜትር ይደርሳል። ከላይ እስከ ታች ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። አፈሩን ይይዛል፤ ውኃውን ያቆማል፤ የተረፈውን ደግሞ በመውረጃው ያስተነፍሰዋል። ባያስተነፍሰው ግድግዳው ይደረመስ ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። 21 ትውልድ፣ ማለትም ከ400 ዓመት በላይ የቆየ ባህል ነው ይላል መዝገቡ። መሬቱ ደረቅና ድንጋያማ ነው። ሌላ ሰው ትቶት ይሄድ ነበር። እነሱ ግን ድንጋዩን ራሱ ግድግዳ አደረጉት።

ያየነው ሙዚየም አይደለም። አንድ ሰውዬና ወንድ ልጁ ከክረምቱ የፈረሰ ግድግዳ እየጠገኑ ነበር። ልጁ ከእኔ ልጅ ጋር እኩያ ነው። ሁለቱ ልጆች በአማርኛ ተግባቡ። የእኔው "ይሄን ማን ነው የሠራው?" ሲለው "ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ እኛ ነን የምንጠግነው" አለው። አባትየው ድንጋዩን ያዞሩታል፣ ያዩታል፣ ይመልሱታል፣ ሌላ ይሞክራሉ። የእኔ ልጅ አንድ ድንጋይ አነሳ፤ ቦታው አልሆነም፤ ሌላ አነሳ፤ ሆነ። እስከ ምሳ ድረስ አብሯቸው ሠራ። እጁ ተላላጠ። ማታ ያንን እጁን እያየ ለአያቱ ሲያሳይ ነበር።

መንደሮቹም በድንጋይ ግንብ የታጠሩ ናቸው። በመካከላቸው ሞራ የሚባል የጋራ ቤት አለ። ወጣቶቹ እዚያ ያድራሉ፤ መንደሩ አንድ ነገር ቢሆን የሚነሱት እነሱ ናቸው። በአደባባዩ ትውልድ በተሸጋገረ ቁጥር የሚተከል ረጅም እንጨት አለ። አስጎብኚያችን እንጨቶቹ አንድ ላይ ታስረው እንደቆሙ እያሳየን የመንደሩን ዕድሜ በነሱ መቁጠር እንደሚቻል ነገረን። በየቤቱ ጓሮ ሽፈራው አለ፤ ቅጠሉን ቀቅለው ይበሉታል።

ኮንሶን አላጋንንም። ዝናብ ሲጠፋ እነሱም ይራባሉ። በቅርብ ዓመታት ድርቅም ግጭትም ጎድቷቸዋል። ወጣቱም ከተማ ይሄዳል። የድንጋይ ግድግዳ ሁሉንም ችግር አይፈታም። ቢሆንም ከ400 ዓመት በኋላ አባትና ልጅ አሁንም ግድግዳው አጠገብ አሉ። ይህ ለልጄ የእራት ሰዓት ጥያቄ እኔ ልሰጠው ያልቻልኩት መልስ ነበር።

መልሰን በሶዶ ወጥተን ሐዋሳ አደርን። ሐዋሳ ለልጆች ነው፤ ጠዋት አሞራ ገደል ሄደው አሳ አጥማጆቹን፣ አባ ኮዳውን አዩ፤ የአሳ ሾርባ ጠጡ። ከዚያ ወደ ዲላ ወረድን።

ጌዴኦ ስትገቡ ቤት አታዩም። ደን ብቻ ነው የሚመስለው። ግን በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሰዉ ዛፉ ውስጥ ነው ያለው። ከላይ ዋንዛና ብርብራን የመሳሰሉ ትልልቅ ዛፎች። ከነሱ ሥር እንሰትና ቡና። ከዚያ በታች ጎመን፣ ጎደሬ፣ ሌላም ሌላም። ተዳፋቱ በጣም ቁልቁል ነው፤ ያለ ዛፉ አፈሩ አንድ ክረምት አይቆይም። የይርጋጨፌ ቡና የሚመጣው ከዚህ ጥላ ሥር ነው። ባለቤቴ ቡናውን እያሸተተ ሊወጣልኝ አልቻለም።

እኔን የነካኝ ግን እንሰቱ ነው። እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል። ዛሬ የምትበላው ቆጮ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው ስላሰበልህ ነው የተገኘው። አንዲት እናት ጓሯቸውን ሲያሳዩን እያንዳንዱን እንሰት በየዕድሜው ነገሩን። ይሄ የሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ያ ልጄ ሲያገባ ነው፤ ይቺ ትንሿ ገና ናት። ዓመቶቹ ጓሮ ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል። "ስለ ነገ አስብ" ብዬ ልጆቼን ስንቴ እንደመከርኩ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። እሳቸው ግን ነገን በጣታቸው እየጠቆሙ አሳዩዋቸው።

ስለ ጌዴኦ አንድ ነገር ልጨምር። በ2010 ዓ.ም. እዚህ አካባቢ፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቅሎ ነበር። ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን አይተናል፤ ብርድ ልብስ ልከናል። እ.ኤ.አ. በ2023 መስከረም ላይ ሪያድ በተደረገው ስብሰባ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በዚያው ስብሰባ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ተመዝግቧል። የመጀመሪያው ዜና ሁለተኛውን አይሽረውም፤ ሁለተኛውም የመጀመሪያውን አያስረሳውም። ለልጆቼ ሁለቱንም ነግሬያቸዋለሁ። ሀዘኑን ደብቄ ደስታውን ብቻ ብነግራቸው ኋላ ሲያውቁ ሁለቱንም አያምኑኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ የነበረው ወሬ ይህ ነበር። ትልቁ ልጄ አሁን ውጭ አገር መሄድ ተወ ወይ? አልተወም። እንዲተውም አልጠየቅሁትም። ነገር ግን የሚያወራው ተለውጧል። የአፈርና የውኃ ትምህርት የት የት እንዳለ እየጠየቀ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በውኃ ምህንድስና የታወቀ መሆኑን ራሱ ፈልጎ አገኘ። "ልሂድ" ይል የነበረው ልጅ አሁን "ተምሬ ምን ልሥራ" ይላል። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ትንሿም የኮንሶውን ልጅ ስም እየጠራች "እሱ ግን አሁን ምን እየሠራ ይሆን?" ትላለች። አገር ማለት ለሷ ከዚህ በኋላ የምታውቃቸው ሰዎች ናቸው።

ወላጆች፣ አሁን ስለ ገንዘብና ስለ መንገድ እንነጋገር፤ ያ ካልተነሳ ንግግሬ ለጥቂቶች ብቻ ይሆናል።

ሁሉም መንገድ ክፍት አይደለም። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል የተወለደበትን ቀበሌ ለማየት ዛሬ የማይችል አለ። ልጆቹን አያቶቻቸው መቃብር ድረስ መውሰድ ያልቻለ አለ። እኛ እድለኞች ነን፤ ከመሄዳችን በፊት በየቦታው ደውለን ጠይቀን፣ የአገሩን ሾፌር ይዘን ነው የሄድነው። እናንተም እንዲህ አድርጉ። የፌስቡክ ወሬ ሳይሆን እዚያው የሚኖር ሰው ጠይቁ። ማታ አትጓዙ። መንገዱ ካልሆነ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ከሄዳችሁም ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቁ። እኛ ወላጆች መልሱን ቀድመን መናገር እንወዳለን። ተዉት፤ ገበሬው ይንገራቸው። የአካባቢውን አስጎብኚ ቅጠሩ፤ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። በእጃቸው የሚሠሩት ነገር ካለ ይሥሩ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሰውን አስፈቅዱ።

ይህን ያህል መንገድ መሄድ ለማይችለው ደግሞ ቅርብ አለ። መናገሻ ሱባ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ጎን ነው። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ያልቃል። በታሪክ እንደሚነገረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተራራው መራቆቱን አይተው የጽድ ፍሬ ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስዘሩበት። ዛሬ እዚያ ያሉት ጽዶች ሁለት ሦስት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ካልሆነ የማያቅፏቸው ናቸው። ጉሬዛና ድኩላ አለ። ውኃና ምሳ ይዞ መሄድ በቂ ነው።

የተማሪዎቹ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ በሚመጣው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ወደ ሱባ ሊሄድ አቅዷል። አውቶቡሱ ተገኝቷል። የቀረው አብረው የሚሄዱ ወላጆች ናቸው፤ ለየቡድኑ አንድ አንድ ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። የምሳ ወጪ ለሚከብዳቸው ልጆች እኔና ጥቂት ወላጆች ተነጋግረን ይዘናል፤ ማንም በዚህ ምክንያት እንዳይቀር። መዝገቡ መውጫው በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። አያት ያላችሁ አያቶችንም ጻፏቸው፤ እኔ እማማን ጽፌያለሁ።